ያልተገለጠ ጋዜጣ አልተሸጠም

እናቴ ጋዜጣ ሻጭ ናት። "ነበረች በይ" የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አልሰሙም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከጫማ መደብሩ ግድግዳ ጥግ፣ ከቁም ሣጥን ብዙም የማትሰፋ አረንጓዴ የቆርቆሮ ኪዮስክ አለቻት። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያች ውስጥ ቆማለች። ወንበርስ አላት፤ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ግን ቦርሳዋ ናት። "ቁጭ ብሎ የሚሸጥ ሰው ዜናው ያረጀበት ይመስላል" ትላለች። ሰፈሩ በሙሉ "ሰበር ዜና" እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እኔ አባቴን እጠረጥራለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የማከፋፈያው መኪና እሽጉን ያወርድላታል። ገመዱን በኪዮስኩ ቁልፍ ትበጥሰውና ማጠፍ ትጀምራለች። እያንዳንዱን ጋዜጣ መጀመሪያ ለሁለት፣ ቀጥሎ ለሦስት ታጥፈዋለች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠርዙን ከላይ እስከ ታች አንዴ ብቻ ትስበዋለች። እጥፋቱ እንደተተኮሰ ሱሪ ቀጥ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሞክሬዋለሁ፣ አባቴም ሞክሮታል፣ አልሆነልንም። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ እሷ ራሷ እንኳን በዚያው መስመር ልትመልሰው አትችልም። ስለዚህ አንድ ጋዜጣ መነበብ አለመነበቡን ከመንገድ ማዶ ሆና ታውቃለች። ከዚህ የተነሳ አንድ ሕግ አላት፤ "ያልተገለጠ ጋዜጣ አልተሸጠም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ።"

በዚህ ሕግ ከማንም በላይ የተጎዳው አባቴ ነው። አባቴ መኪና ቀለም ቀቢ ነው። የመኪና ቀለም ቀቢ ደግሞ መስታወቱንና ጎማውን ቀለም እንዳይነካበት የሚሸፍንበት ጋዜጣ ያስፈልገዋል፤ የትም አገር እንዲህ ነው። እኔ ሳልወለድ አንድ ቀን ከሚስቱ የወሰደውን ጋዜጣ አንድ መኪና መስታወት ላይ ለጠፈ። እሷ ምሳ ይዛለት ስትመጣ የራሷን እጥፋት መስታወቱ ላይ አየችው። ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ያናገረችው "ገጽ አራትን ከመለጠፍህ በፊት አንብበኸው ነበር?" ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ በቡኒ ወረቀት ብቻ ይሠራል። አባቴም እንደሆነ የንባብ ሰው አይደለም። "ሳነብ እንቅልፌ ይመጣል፤ ሳላነብም ይመጣል፤ ታዲያ ለምን ልድከም?" ባይ ነው።

ድሮ በቀን ሁለት መቶ ትሸጥ ነበር። ከዚያ ስልክ መጣ። ስልክማ ድሮም ነበር፤ የመጣው ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚሄድበት ስልክ ነው። መጀመሪያ የሄዱት ሥራ ፈላጊዎቹ ናቸው፤ ማስታወቂያው እጃቸው ድረስ መጣላቸው። ቀጥለው የኳስ አፍቃሪዎቹ ሄዱ። እነሱ እንኳን ጨዋ ናቸው፣ እንደተጣላ ዘመድ ኪዮስኩ ጋ ሲደርሱ መንገድ ይሻገሩ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ የገዛ አንድ የባንክ ሠራተኛም ነበር፤ ጋዜጣውን የሚፈልገው አውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ከአማቱ ለመደበቅ እንደሆነ እናቴ ታውቃለች። "ይኼ እንኳን አይከዳኝም፤ ስልክ ፊት አይሸፍንም" ስትል ከረመች። እሱም ቀረ። እናቴ አማትየዋ አረፉ ብላ ነፍሳቸውን ይማር እያለች ከልቧ አዘነች። በኋላ እንደሰማነው ሰውዬው መኪና ገዝቶ ኖሯል።

አሥራ ዘጠኝ ደንበኛ ቀራት። የአሥራ ዘጠኙ አለቃ ጋሼ መምህር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ። እዚያው ኪዮስኩ ጎን ቆመው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የጨረታ ማስታወቂያውን ሳይቀር ያነባሉ። በሕይወታቸው ጨረታ ተወዳድረው አያውቁም። "ሰው የለፋበትን መዝለል ነውር ነው" ይላሉ።

አንድ ዓርብ ጠዋት የማከፋፈያው ሾፌር እሽጉን ካወረደ በኋላ እንደወትሮው ሞተሩን አላስነሳም።

"እትዬ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ እንዳይቀየሙኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ በቀን ከአርባ በታች የሚሸጥ ኪዮስክ ከመስመር ይወጣል ተብሏል። ለአሥራ ዘጠኝ ጋዜጣ መኪና አናዞርም እያሉ ነው።"

ይህን እራት ላይ ነገረችን፤ የሌላ ሰው ዜና የምታነብ ነበር የምትመስለው። ስትጨርስ ናፕኪኗን ለሁለት፣ ቀጥሎ ለሦስት አጠፈችና በአውራ ጣቷ ጥፍር ሳበችው። አባቴ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እኔ እናቴን ያለ ኪዮስክ ላስባት ሞከርኩና አቃተኝ። ሳሎን መሃል ቆማ ታየችኝ፤ ቦርሳዋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ።

ስለዚህ ማንንም ሳላማክር ወሰንኩ። የጎደለው ሃያ አንድ ነው፤ ሃያ አንዱን እኔ እገዛለሁ አልኩ። የምሠራው ከኪዮስኩ ማዶ ካለ ፋርማሲ ነው። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን የሐኪም ወረቀት ይዞ የመጣውን ሁሉ "መድኃኒቱን እስካዘጋጅልዎ ከማዶ አንድ ጋዜጣ ይግዙልኝ፤ ለራሴ ነው ይበሉ" እያልኩ ላክሁት። የሳሉም፣ የጨጓራውም፣ የወገቡም በሽተኛ እየተሻገረ ይመለስልኝ ጀመር። አሥራ አንደኛው ግን እጁን እያወናጨፈ መጣ።

"አልቋል ብላኛለች።"

ሦስት ሰዓት እንኳን አልሞላም። በመስኮት ብቅ ብዬ ሳይ ዓይኔ ጉድ አየ። ኪዮስኩ ፊት ሰልፍ ነበር። እጃቸው ቀለም የነካው አራት ጎረምሶች፣ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ የወጡ ሦስት ሴቶች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አርፍደው ባዶ እጃቸውን የቀሩት ጋሼ መምህር። ጎረምሶቹ የአባቴ ሠራተኞች ናቸው። ቢጎዲኖቹ ደግሞ የእናቴ ታናሽ እህት፣ የአክስቴ ፀጉር ቤት ደንበኞች። ሦስታችንም በየፊናችን፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ ያንኑ ሃያ አንድ ጋዜጣ ልንገዛ ዘምተን ኖሯል።

በዚያው ቀን ማምሻውን አክስቴ ፀጉር ቤት ተሰበሰብን። አክስቴ አባቴን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስቀምጣ፣ በሩን ቆልፋ፣ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለች።

"እኔን የሚያስፈራኝ አንበሳዋ እንዳታውቅብን ነው" አለ አባቴ ካስኩን ከራሱ ላይ እየገፋ።

ሰባት ሰባት ተካፈልን። ቃልም ገባን፤ ለመጠቅለያ አይውልም፣ መኪና ላይ አይለጠፍም፣ ሁሉም ይነበባል ተባባልን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃሎች ጠብቀናል። ሦስተኛውን ማታ ሲደክመን ለነገ፣ ነገ ለቅዳሜ፣ ቅዳሜ ለጡረታችን አስተላለፍነው። ያውም እኔ ዜናውን ሁሉ ከእንቅልፌ ሳልነሳ በስልኬ ጨርሼዋለሁ። የእናቴን ገበያ በገደለው ቢላዋ ቁርሴን ስቆርስ ነበር ማለት ነው፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኼ ነው። ጋዜጦቹን ግን እንደታጠፉ ደበቅናቸው። አባቴ ባለቤቱ የረሳው አንድ አሮጌ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ አክስቴ ከካስኮቹ ወንበር ስር፣ እኔ መጋዘን ውስጥ "የሳል ሽሮፕ" የሚል ካርቶን ውስጥ።

እናቴ እንደ አዲስ ተወለደች። በየማታው እራት ላይ የገበያ ትንታኔ ትሰጠን ጀመር።

"ዛሬ እጃቸው ቀለም የነካ ስድስት ወጣቶች ገዙኝ። ሠራተኛው መደብ ነቅቷል ማለት ነው። ሴቱማ ተዉት፣ ፀጉሩን ሳይፈታ ነው እየሮጠ የሚመጣው። የሚገርመኝ ግን በሽተኛው ነው። እንዲያ እያሳለው እንኳን ማንበብ አልተወም።"

"ስልክ ሰለቸው ሰዉ" አለ አባቴ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምንም አልነበረም። ደስታዋ አፍ አስከፈተውና፣ "እኔ ራሴ እኮ በሠራተኞቹ ትከሻ እያጮለቅሁ ማንበብ ጀምሬያለሁ" አለ። አክስቴም ከማን አንሼ ብላ እሷም በየቀኑ እንደምታነብ ተናገረች። ከዚያ እኔ ብቻዬን መሃይም ሆኜ ልቀር ነው? እኔም አነባለሁ አልኩ።

በሦስተኛው ወር አንድ ነገር ሆነ። ፈተና አለፍኩ። የፋርማሲ የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው፤ እስከዚያ ድረስ በረዳትነት ነበር የምሠራው። ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። አባቴ አቅፎኝ አለቀሰ፤ ትከሻዬ ላይ የቀረው ሰማያዊ ቀለም እስከ ዛሬ አልለቀቀም። አክስቴ ፀጉሬን እንደ ሙሽራ ሠራችልኝ። እናቴ ግን "ይሁና፣ ጎበዝ" አለችና ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሌላ ምንም አልወጣትም። አዘንኩባት። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ነው ያዘንኩባት። ለማታውቀው ሕዝብ ዜና ስትጮህ የምትውል ሴት ለእኔ አንዲት "እንኳን ደስ አለሽ" አጣችልኝ ብዬ ቂም ያዝኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ መምህር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ገቡ።

"እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ" አሉኝ እጄን ጨብጠው። "ጥርስሽም አምሮ በቅሏል።"

ግፊታቸው ጨምሮ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ለካሁላቸው። ምንም አልሆኑም።

በዚያው ዕለት እራት ላይ አክስቴም ነበረች። እናቴ ሾርባዋን ታማስላለች እንጂ አትጠጣም። አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን ታያለች።

"የዛሬው ጋዜጣ እንዴት ነበር?" አለች።

"ብስል ያለ ነው" አለ አባቴ።

"ገጽ ሰባትንስ አያችሁት?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "አየሁት። እሱ ነገር ያሳዝናል። የሚመለከተው የመንግሥት ክፍል አንድ መፍትሔ ቢፈልግለት ነው የሚሻለው።"

"ለገጽ ሰባቱ?"

"አዎ። ደግሞ እንደዚያ ሆኖ ሕዝብ ፊት መውጣቱም ደግ አይደለም።"

"እኔ እንዲያውም አልቅሻለሁ" አለች አክስቴ፣ በናፕኪን ዓይኗን ነካ ነካ እያደረገች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ?"

"ያው የኑሮ ውድነት ነው" አልኩ፤ የትኛውም ገጽ ላይ ቢሆን የማይስት መልስ ስለሆነ።

ሦስታችንንም በየተራ አየችን። ከዚያ "ሻይ ላምጣ" ብላ ወደ ኩሽና ገባች። የድስት ክዳን ሲወድቅ ሰማን፤ ቀጥሎ እንደ ሲቃ ያለ ነገር። አባቴ "ምን አጠፋሁ?" ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

"ሽንኩርት ነው" አለች። የያዘችው ሻይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለሾፌሩ "ከነገ ጀምሮ ስድሳ አምጣልኝ፤ ገበያው ደርቷል" አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሯችን የጉድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነብን፤ ኪዮስኳን እናድን ብለን ራሳችንን ጋዜጣ ቀበረን። ስድሳው ሲለመድ ዘጠና አደረገችው። ከዘጠናው አሥራ ዘጠኙ የእውነተኞቹ ነው፤ ሰባ አንድ ለሦስት አልካፈል ብሎን አንድ ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ ትርፎቹን ሁለቱን አባቴ ወሰደ። የጋራዥ ሠራተኞቹ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በኮፍያ አንዴ ያለ ኮፍያ መሄድ ጀመሩ። የአክስቴ ደንበኞች "እኛ ፀጉር ልንሠራ እንጂ ጋዜጣ ልናከፋፍል አልመጣንም" ብለው አመፁ። እኔ የራስ ምታት ኪኒን ሊገዛ የመጣውን ሰው ጋዜጣ ልኬው የራስ ምታቱ መንገድ ላይ ለቀቀው፤ ኪኒኑን ሳይወስድ ሄደ። ያንን መኪና የረሳው ሰውዬ ደግሞ ትዝ ብሎት መጣ። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ሲከፍት ጋዜጣው እግሩ ላይ ተናደበት። አባቴ "የእርጥበት መከላከያ ነው" ብሎ አሳመነው፤ እንዴት አድርጎ እንዳሳመነው ዛሬም አይነግረንም።

ይባስ ብሎ ከማከፋፈያው አንድ የምስክር ወረቀት መጣ። በከተማው ሽያጩ ያደገ ብቸኛው ኪዮስክ ይላል። እናቴ ሳሎን ሰቀለችውና ከስሩ አስቁማ አስጨበጨበችን። ሦስታችንም መሬት መሬት እያየን አጨበጨብን።

ማስመሰሉን ከጀመርን ዓመት ከአንድ ወር ሊሞላን ጥቂት ቀን ሲቀረን ሾፌሩ እንደገና ሞተሩን ሳያስነሳ ቆመ። በዚህኛው ጊዜ ያጠፋው ሞተሩን ብቻ አልነበረም፣ ኮፍያውንም አውልቆ ነበር። ጋዜጣው ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ አይታተምም። በስልክ ብቻ ነው የሚወጣው። የእኛ ዘጠና ጋዜጣ የከተማውን ማተሚያ ከመቆም ሊያድነው አልቻለም።

የመጨረሻው ቀን እሽግ በአራት ሰዓት አለቀ። እናቴ አላለቀሰችም። መደርደሪያዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ ገመዱን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች፣ ዘጋች። ቤት ስትገባ እኛ ሦስታችን ሳሎን ተቀምጠን ጠበቅናት። ልቤ በእውነት ተሰብሯል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከልቤ ስር የሆነ ቦታ ላይ እፎይ የሚል ነገር ነበር፤ አባቴም ፊት ላይ አይቼበታለሁ። እንዳትሰማብን ብለን እፎይታችንን በሳል አለፍነው።

በማግስቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የየመኝታ ቤታችንን መብራት አበራችብን።

"ተነሱ። መኪና የሚነዳልኝ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ጋራዥ፣ ከዚያ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ ፋርማሲ።"

አባቴ ሱሪውን ገልብጦ ለበሰ።

ጋራዡ ስንደርስ ሳትጠይቅ ቀጥ ብላ ወደ አዲሱ መደበቂያ፣ ወደ ቀለም ቆርቆሮዎቹ ጀርባ ሄደች። ፀጉር ቤቱ ጋ አክስቴ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተች፤ እናቴ በጎኗ አልፋት የወንበሮቹን ጨርቅ ገለጠችው። ፋርማሲው መጋዘን ውስጥ ደግሞ ካርቶኖቹን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችና "ይኼን ሁሉ ሳል ከየት አመጣሽው?" አለችኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምስጋና አቀርብላት ነበር።

"እማዬ፣ በምን አወቅሽ?"

"የላክሻቸው በሽተኞች ሳልጠይቃቸው 'ለራሴ ነው' ይሉኝ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አለ አባቴ በቀጭን ድምፅ።

"እሱን ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ" አለች። "እነዚህ አልተሸጡም። ቦታ ነው የቀየሩት። አሁን ይሸጣሉ።"

ኪዮስኩን ከፈተችው። ቀኑን አየችና ከክምሩ የዛሬ ዓመት በዚያው ቀን የወጣውን ለየች፤ ከኛ ጉድ የተነሳ ዓመቱ በሙሉ እጇ ላይ ነበር። ለአባቴ አንድ፣ ለአክስቴ አንድ፣ ለእኔ አንድ ሰጠችን። "ጮክ ብላችሁ" አለች። የገዛነውን በሙሉ፣ ሥራ ከመግባታችን በፊት፣ ኪዮስኩ ፊት ቆመን እስክንጨርስ ድረስ።

የመጀመሪያው ቀን የምር ቅጣት ነበር። አባቴ "ነገ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" ብሎ ሲያነብ አንድ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ዘወር አለ።

"አዎ፣ ዘንቧል" አለ ሰውዬው። "ጫማዬ የተበላሸው ያን ቀን ነው።"

አክስቴ ቀጠለች፤ ከንቲባው ይህ መንገድ በስድስት ወር ተሠርቶ ያልቃል ማለታቸውን አነበበች። አውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ በአንድነት ዞሮ ዛሬም እንደተቆፈረ ያለውን መንገድ አየ። አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ ሁለት ሰዎች ሳይሳፈሩ ቀሩ፤ የሚቀጥለውን ገጽ ሊሰሙ ነው።

በሳምንቱ ሰዉ ሃያ ደረሰ። የዓመት ዜና እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማን ያውቃል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለካ ለጋዜጣ ነው የተተረተው። የኳስ አፍቃሪዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ማን እንዳሸነፈ እያወቁ ማን ያሸንፋል ብለው ይከራከራሉ። ሁሉንም አስቀድመው ያነበቡት ጋሼ መምህር ብቻ ስለሆኑ መጨረሻውን እንዳይናገሩ በእናቴ ትእዛዝ ተከለከሉ፤ በዓይናቸው ግን ይጠቁማሉ። አንድ ጠዋት አንድ መኪና ጥጉን ይዞ ቆመ፤ ያ የባንክ ሠራተኛ ነው። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሲያዳምጥ ከጎኑ የተቀመጡ አሮጊት "አንተ፣ ለካ ይኼ ጋዜጣ የሚነበብም ነገር ነበረው?" አሉት። አማቱ በሕይወት ነበሩ። እናቴ ደስ ብሏት እጃቸውን ሳመች።

እኛም ብንሆን ቅጣቱን ረሳነው። አባቴ አሁን ሳያነብ እንቅልፍ አልወስደው ይላል። ርዕሰ አንቀጹን ሲያነብ እንደ ፓርላማ አባል እጁን ያወናጭፋል። አክስቴ ፀጉር ቤቷን በግማሽ ሰዓት አዘግይታ መክፈት ጀመረች፤ ደንበኞቿም ከነቢጎዲናቸው ይመጣሉ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም አልላካቸውም። እኔ ስልኬን ፋርማሲው መሳቢያ ውስጥ ትቼ መንገዱን መሻገር ለመድኩ።

እንዲህ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ሲቀረው አንድ ጠዋት ስንደርስ እናቴ ተቀምጣ አገኘናት። ወንበሩ ላይ። ቦርሳዋ መሬት ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተቀመጠች ሴት ስትቀመጥ ስናይ አባቴ "አመመሽ እንዴ?" አላት።

"አንብቡ" አለች ብቻ።

አባቴ ከፊት ገጹ ጀመረ። አክስቴ ቀጠለች። እኔ ተራዬ እስኪደርስ የራሴን ገለጥኩት፤ ያ የሚያምር እጥፋት ጠርዙ ላይ ተፈታ። ቀኑን ልብ አላልኩትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ ገጽ ሰባት ላይ ደርሼ እንኳን መጀመሪያ ያየሁት ማስታወቂያውን ሳይሆን ጥርሱን ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት፣ በሙሉ አፏ የምትስቅ የስድስት ዓመት ልጅ። እኔ ነኝ። ከፎቶው ስር እንዲህ ይላል፦

"ለልጄ። የፋርማሲ ፈተናዋን በሦስተኛው አልፋለች። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ጊዜ ታልፋለች ብዬ ነበር፤ የተሳሳትኩት ቀኑን ብቻ ነው። እንኳን ደስ አለሽ። በአፌ ብናገረው ስለሚያስለቅሰኝ ሁሉም ሰው በሚያይበት አስጻፍኩት። እናትሽ፣ ጋዜጣ ሻጭዋ።"

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ጮክ ብዬ ማንበቡን ረስቼ ደግሜ አነበብኩት። ያን ቀን ሃያ አንድ ጋዜጣ ነበር የደበቅነው። ሃያ አንድ ጊዜ እንኳን ደስ አለሽ ተብዬ፣ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ በወንበር ስር፣ በሳል ካርቶን ውስጥ፣ አንዱንም ሳልሰማ ቂም ይዤባት ከርሜያለሁ።

አባቴ ከእጄ ወስዶ አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያ እራት ላይ የተናገረው ሁሉ በፊቱ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ አየሁት።

"የሚመለከተው ክፍል" አለ በሹክሹክታ።

"መፍትሔ ይፈልግላት አልክ" አለች እናቴ። "ሕዝብ ፊት መውጣቷም ደግ አይደለም አልክ። ለገዛ ልጅህ።"

አክስቴ "እኔ ግን አልቅሻለሁ ብዬ ነበር" አለችና እዚያው አስፋልቱ ላይ በእውነት ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ መምህር ከጎኔ ቆመው ነበር።

"ጥርሱን ነግሬሽ ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ ያንን ሁሉ እያወቅሽ" አለ አባቴ፣ "ስድሳ ያደረግሽው ለምንድነው?"

"ያ ለአንተ ለመንግሥት መፍትሔህ ነው።"

"ዘጠናውስ?"

በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሱ ለኑሮ ውድነቱ።"

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም፤ ከኪዮስኩ ውስጥ ይመስለኛል። አባቴ የኪዮስኩን ምሰሶ ይዞ ሳቀ፣ አውቶቡስ ጠባቂዎቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውት ሳቁ፣ እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ። የኪዮስኳ በር ለሁለት ሰው አትበቃም፤ በግድ ገብቼ አቀፍኳት። የጋዜጣ ቀለም ትሸታለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩሽ እኮ" አለች። "በጋዜጣ ነገርኩሽ። አንቺ ሳትገልጪው ዓመት አስቀመጥሽኝ እንጂ። ደግሞ ሦስታችሁ ለእኔ ብላችሁ እንዲያ ስትዋሹ ሳያችሁ፣ የነገርኳችሁ ቀን የምትተዉት መሰለኝ። አልፈለግሁም።"

ጋዜጣውን ከአባቴ እጅ ወሰደችው። በልማዷ ለሁለት አጠፈችው፣ ለሦስት ልታጥፈው ሞከረች፣ መስመሩ አልተመለሰላትም። ጠርዙ የተሸበሸበውን፣ በእንባዬ የረጠበውን ወረቀት ከፍ አድርጋ አየችው።

"እንግዲህ" አለች፣ "ይኼኛው ተሸጠ።"